ነጋዴው ገባ ወይ?

በደርግ ዘመን የመጨረሻዎቹ ዓመታት አንድም መጽሐፍ አልጨረስኩም። ማንበብ ትቼ አይደለም። በከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ምሳ ሰዓት አነባለሁ፣ ቁልቁለቱን ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ በሚወርደው መኪና ውስጥ አነባለሁ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ አነባለሁ። ግን ግማሽ ላይ ስደርስ መቀጠል ያቅተኛል። እከድነዋለሁ፤ በቃ፣ ተመልሼም አላየው። ይህ የጀመረኝ ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ ነው። ስለ ወንድሜ ለማውራት ደግሞ ስለ መጽሐፍ ማውራት አለብኝ፤ እኛ ሁለታችን ሌላ ጨዋታ አልነበረንም።

ታናሼ ነው፤ በብዙ ዓመት እበልጠዋለሁ። አባታችን ሲሞት ገና ልጅ ስለነበር በታይፒስት ደመወዜ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲወሰድ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ይጠብቅ ነበር። በንባብ ነገር የእኔ ተቃራኒ ነው። የጀመረውን መጽሐፍ፣ የፈለገ መናኛ ይሁን፣ ሳይጨርስ አያስቀምጥም።

«ሰው ቤት ገብተሽ የቀረበልሽን ሳትቀምሺ እንደ መውጣት ነው፤ ነውር ነው እትዬ» ይለኛል።

እኔ ደግሞ ወጡ መበላሸቱን ለማወቅ ድስቱን መጨረስ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ስለ አንድ መጽሐፍ ያሰብኩትን መናገር ገና ስጀምር «ተሳስተሻል!» ይላል። ምን ልል እንደሆነ እንኳ አይጠብቅም። አንዳንዴ ሆን ብዬ የራሱን ሐሳብ መልሼ እነግረዋለሁ፤ አሁንም «ተሳስተሻል!» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሲገባው ትራስ ይወረውርብኛል።

ሲቀላ መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበረ። መጻሕፍቱ ከእጅ እጅ ሲዞሩ የመጨረሻ ቅጠሎቻቸው ረግፈዋል፤ የወንጀል ልብ ወለድ ተከራይተሽ ገዳዩ ሊያዝ ሲል መጽሐፉ ያልቃል። ሰውየው ግን አያፍርም። ስትመልሺለት የቀረውን በቃሉ ይጨርስልሻል። በአንዱ መጽሐፍ ለእኔ ገዳዩ ዘበኛው ነው አለኝ፤ ለወንድሜ የሟች ሚስት ናት አለው፤ ለጎረቤታችን ለነርሷ ደግሞ ሟቹ ጭራሽ አልሞተም። ሦስታችን ተገናኝተን ስናወራ ልንጣላ ደረስን። እውነቴን ነው የምለው፣ ከመጽሐፉ ይልቅ የአከራዩ መጨረሻዎች ይሻሉ ነበር።

የራሳችን መጽሐፍ ሲገኝ ሌላ ጣጣ ይመጣል። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ሁለት። ለዚህ ወንድሜ መላ ነበረው። እሱ ቀድሞ ይጀምርና መሐል ላይ ሲደርስ መጽሐፉን በምላጭ ለሁለት ይከፍለዋል። የጨረሰውን ግማሽ ለእኔ ይሰጠኛል፤ በቀረው ይቀጥላል። ቅጠሉ እንዳይበተን ሁለቱንም ግማሾች ጠርዝ ጠርዛቸውን በክር ይሰፋቸዋል። ክሩ የእናቴ ነው። እናቴ የደጋ ሴት ናት፤ ዶርዜ ላሉ ሸማኔ ዘመዶቿ ጥጥ ስትፈትል ትውላለች።

«ለጋቢ የፈተልኩትን ለውሸት መስፊያ አደረጋችሁት» እያለች ታጉረመርማለች።

ለእሷ በዓለም ላይ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሥራ የፈታ ሰው የጻፈው ውሸት ነው። ፊደል ባትቆጥርም በዚህ ጉዳይ ላይ አትከራከርም፤ ትደመድማለች።

የመጨረሻ የከፈልነው መጽሐፍ ስለ አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ርእሱን አልጠራም፤ ደራሲው በሕይወት ካለ የምለውን ሰምቶ ይቀየመኛል። ነጋዴው ከእናቱ ተመርቆ፣ በቅሎዎቹን አስከትሎ ጨው ሊያመጣ በሰሜን በኩል ወደ በረሃ ይወርዳል። ሽፍቶች ይዘርፉታል፤ ጓደኞቹ ሞቷል ብለው ጥለውት ይመለሳሉ። ወንድሜ ያነበበውን ወደ ማምሻው ላይ ለእናቴ በጋሞኛ ያወራላታል፤ እሷ እንዝርቷን እያሾረች ታዳምጣለች። አንዳንዴ እንዝርቱ ይቆማል። ነጋዴው የሚጠጣ ውኃ ያጣ ዕለት ተነሥታ አንድ ጣሳ ውኃ ጠጣች።

ያን ጊዜ የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ በየቤቱ በተራ እየተሰባሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚጸልዩት። ተራው የእኛ በሆነ ቀን እናቴ የጸሎት ርእስ አላት ወይ ተብላ ተጠየቀች። ስለ ወንድሜ ውጤት አለች። ስለ ጎረቤታችን ጉልበት አለች። ከዚያ «ጨው ሊያመጣ ሄዶ በረሃ ላይ ስለ ቀረው ነጋዴ፤ እናቱ ትጠብቀዋለች» አለች። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው አጥብቀው ጸለዩለት። አንድ ሽማግሌ እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ማለዱለት። እኔ ወንድሜን አየሁት፤ ወንድሜ ጣሪያውን ያያል።

ሰዎቹ ሲሄዱ «እማዬ፣ ሰውየው እኮ የለም፤ ከመጽሐፍ ነው» አልኳት።

«ከመጽሐፍ አልሰማሁም። ልጄ ነው የነገረኝ» አለች። «ልጄ እቤቴ ተቀምጦ፣ በእኔው ቋንቋ ይዋሸኛል ልትዪኝ ነው?»

ወንድሜ ከኋላዬ «ተያት እትዬ፤ ደራሲው ካልራራለት እሷ ትራራለት» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጋዴው ከእናቴ ጸሎት አልጠፋም።

የእኔ ግማሽ መሐል ዐረፍተ ነገር ላይ ነው የተቆረጠው። የመጨረሻው መስመር «ነጋዴውም ቀና ብሎ ሲያይ» ይልና ያልቃል። ምላጩ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር። ወንድሜ ሁለተኛውን ግማሽ ጥቂት ገጽ ገፍቶ ነበርና «ምን አየ?» ብዬ ጨቀጨቅኩት።

«ጠብቂ» አለኝ፤ ደስ ብሎታል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። የተከራየነውን ሌላ መጽሐፍ ሊመልስ ሲቀላ ወረደ፤ አልተመለሰም። ገበያው ላይ አፈሳ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ብለው ያገኙትን ወጣት ሁሉ በመኪና እየጫኑ አንድ ግቢ ውስጥ አስገቧቸው። እናቴ የበቆሎ ቂጣ ጠቅልላ፣ እኔ ጋቢ ይዤ ሄድን። ሌሎችም እናቶች ነበሩ፤ እያንዳንዷ በሽቦው ውስጥ የራሷን ልጅ ትጣራለች። የእኛን አየነው። ሸሚዙ ተቀድዷል፤ ከዚያ በቀር ደህና ነው። ጋቢውን በሽቦው ላይ ወረወርኩለት። እሱ ደግሞ ኪሱን እየመታ ጮኸልኝ፤

«እትዬ! ሁለተኛው ግማሽ እኔ ጋ ነው! ከሌላ ሰው ተውሰሽ እንዳታነቢው! ስመለስ አብረን ነው የምንጨርሰው፤ ቃል ግቢልኝ!»

«አሁን የመጽሐፍ ጊዜ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ግን ፊቱን ሳየው «እሺ፣ ቃሌ ነው!» አልኩት። እናቴ አማርኛው ፈጥኖባት «ምን አለ?» አለችኝ።

«እመለሳለሁ አለ» አልኳት።

ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ከሰሜን ነው። ከዚያ ቆመ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን ስታደርስ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማታለሁ። ልጇን ትጠራለች፤ ነጋዴውን ትጠራለች። እኔ እንኳን ለነጋዴው ለራሴም መጸለይ ተስኖኝ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የጣልኳቸውን መጻሕፍት ላንሣ። አንደኛው ስለ ትራክተር የተጻፈ ትርጉም ነው። የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ አባላት ሁሉ እንድናነበው ታዘዝን። አንድ ጎልማሳ በጋራ እርሻ ላይ የተበላሸ ትራክተር አግኝቶ ይጠግናል። መጽሐፉን ሙሉ ይጠግናል። እጮኛ አለችው፣ ዞር ብሎ አያያትም፤ ለትራክተሩ ያፈሰሰውን እንባ ሩቡን ለእናቱ አላፈሰሰም። እኛ ጋ ደግሞ ትራክተር ብርቅ አይደለም። ቆላው ላይ ያለው የእርሻ ግቢ መለዋወጫ ባጡ ትራክተሮች ተሞልቷል፤ ዶሮዎች ወንበሩ ላይ እንቁላል ይታቀፋሉ። ያ ጀግና አንድ ቀን እንኳ ወደዚህ ብቅ ቢል ኖሮ እስከ መጨረሻው እታገሠው ነበር። ሰብሳቢያችን «ጓድ፣ ከመጽሐፉ ምን ቀሰምሽ?» ሲለኝ «ትዕግሥት» አልኩት። ደስ አለው።

ሁለተኛው የፍቅር ነው። ልጅቷ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ታለቅሳለች። እንባዋ ቢጠራቀም የኩልፎን ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ይዞት ይሄዳል። ምን ሆና ነው ብዬ ባነብ፣ ባነብ፣ ለካ ፍቅረኛዋ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሳምንት ቆይቶባት ነው። አንድ ሳምንት! መጽሐፉን ወረወርኩት፤ አልጋ ሥር ገባ። አይጥ በላው። ለአይጧ አዘንኩላት።

ሦስተኛው አላሳቀኝም። የጦር ሜዳ ታሪክ ነው፤ ይህንንም ያዘዘን ክበቡ ነው። ወታደሩ ደጋግሞ ይቆስላል፣ ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ ፈገግ ብሎ ይሞታል። መርዶው ሲነገራት እናቱ እልል ትላለች። እዚያ ላይ መጽሐፉን ከደንኩት። ይህን የጻፈ ሰው ከእናት አልተወለደም አልኩ፤ በልቤ ነው ያልኩት፣ ያን ጊዜ ጮክ ብሎ የሚባል ነገር ጥቂት ነበር። እኔ በሰፈራችን መርዶ የተነገራት እናት አይቻለሁ። እልል አላለችም። የቤቷን ወለል በጥፍሮቿ ስትቧጥጥ ይዘናት ነበር። በውይይቱ ቀን ተራዬ ሲደርስ «ዓይኔን አሞኝ አልጨረስኩትም» አልኩ። ሰብሳቢው ለሌሎች እንደሚያደርገው አላፋጠጠኝም፤ አየኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። የእሱም ልጅ ሰሜን እንደነበረ በኋላ ሰማሁ።

የነጋዴው መጽሐፍ ሙሉ ቅጂ ሴቻ ውስጥ ነበር። ነርሷ ጎረቤታችን ከሥራ ባልደረባዋ ተውሳ አንብባዋለች። «አንድ ቀን ተውሼ ላሳድርልሽ፤ እንዲህ ከምትሰቃዪ» አለችኝ። እውነትም እሰቃይ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኝ፣ ነጋዴው ቀና ብሎ ምን እንዳየ ሳስብ ስንት ቀን ታይፑ ላይ ተሳስቻለሁ። ግን እምቢ አልኳት። ካነበብኩት ልጁ አይመለስም የሚል ፍርሃት ይዞኝ ነበር። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ጥንቆላ አላምንም፤ ሆኖም መጽሐፉ ሳያልቅ እስከቆየ ድረስ ወንድሜም የሆነ ቦታ ይቆያል ብዬ ያዝኩ። መያዣ ሌላ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቤት ውስጥ ክራንች የያዘ ሰው ተቀምጧል፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበርኩ አለ። ገረሴ የሚኖሩ ወላጆቹ ጋ ሊገባ ነው፤ መንገዱን ግን መጀመሪያ ወደ እኛ አደረገ። ከካኪ ኮቱ ውስጥ የላብና የጭስ ሽታ የነካውን ግማሽ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ። የእናቴ ነጭ ክር ጠቁሯል፣ ግን አልተበጠሰም።

«እኛ መጀመሪያውን አናውቅም፤ እሱ በቃሉ ነገረን» አለ። «ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያነብልናል። ምሽግ ውስጥ ሌላ ምን ሥራ አለ እህቴ? ነጋዴው ይሞታል፣ አይሞትም እያልን በሲጋራ እንወራረዳለን። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን እምቢ አለ። ለመንነው። ሻምበሉ ራሱ ለመነው። ‹ይሄ ከእህቴ ጋር ነው› አለና ሰፋው።»

እውነትም የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ዙሪያቸውን በካኪ ክር ተሰፍተው ተዘግተዋል። ክሩን ከሸሚዙ ጠርዝ እንደ መዘዘው ያስታውቃል።

«እሱስ?» አልኩት።

ሰውየው ክራንቹን አየ። «እኔ ስቆስል እሱ ደህና ነበር። መኪና ላይ ሲጭኑኝ ነው ይህን የሰጠኝ፤ ‹እስክመጣ ታስቀምጥልኝ› በላት አለኝ። ከዚያ በኋላ ክፍላችን ተበተነ አሉ። ሆስፒታል ሆኜ የመጣውን ሁሉ ጠይቄአለሁ። ያየው የለም።»

እናቴ በጋሞኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ይበላ ነበር ወይ አለችው።

«ይበላ ነበር እማማ» አለ። ከዚያ እኛ ያቀረብንለትን ሳይበላ ተነሣ።

ግማሹን እስከ ተሰፋው ድረስ አነበብኩት። ይህን አልከለከለኝም። ነጋዴው ቀና ብሎ ሲያይ ያየው፣ ያን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ ነገር፣ አንዲት ፍየል ናት። ፍየል! ደግሞ በሚቀጥለው ገጽ ትጠፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሣትም። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ምን እንደ ተለወጠ እናቴ ታውቃለች፣ መጥታ አቀፈችኝ። ከፍየሏ በኋላ ያሉት ገጾች መጥፎ አልነበሩም። ምናልባት መጥፎ ናቸው፤ በእሱ ድምፅ ስለማነባቸው አላውቅም። ነጋዴው ከሽፍቶቹ እጅ ሊያመልጥ ሲነሣ የካኪው ክር ይጀምራል። እዚያ ላይ አቆምኩ፤ ሳጥን ውስጥ ከመጀመሪያው ግማሽ ጋር አስቀመጥኩት።

ከዚያ ደርግ ወደቀ። ወታደሩ መግባት ጀመረ፤ በእግሩም፣ በጭነት መኪናም፣ ባዶ እግሩንም፣ በሸበጥም። እናቴና እኔ ጠዋት ሲቀላ መናኸሪያ እንወርዳለን፤ መኪና በቆመ ቁጥር ተነሥተን ፊት እናያለን። ሁሉም ከስቷል፤ ሁሉም ጠቁሯል፤ ከሩቅ ሁሉም እሱን ይመስላል። የመጽሐፍ አከራዩ ቦታው ላይ አልነበረም። የልጇን ፎቶ የያዘች አንዲት የወላይታ ሴት ከእኛ ጋር ትቀመጥ ነበር፤ የእሷ ልጅ ገባ። ተሳስመን ሸኘናት። እኛ መውረዳችንን ቀጠልን። መኪናው እየቀነሰ ሄደ፤ በኋላ ከወታደር ይልቅ ሙዝ የሚጭን በዛ። እናቴ አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በር ድረስ ሄደችና ተመለሰች። ነጠላዋን አውልቃ ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ አልወረድንም።

እሷም መጸለይ ተወች። የጸሎት ቤቱ ተከፍቶ፣ ሰዉ ጮክ ብሎ መዘመር በጀመረበት ጊዜ ነው የተወችው። ሽማግሌዎቹ መጥተው መከሯት፤ በአክብሮት አዳመጠቻቸውና ሸኘቻቸው። እንዝርቷን ግን አልተወችም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ያን አምጪው» አለችኝ።

ምኑን ብዬ አልጠየቅኋትም። አመጣሁት። መቀስ ላመጣ ስነሣ ከለከለችኝ፤ ክር አይቆረጥም አለች። የካኪውን ቋጠሮ በጥፍሯ ፈልጋ አገኘችው፤ ቀስ እያለች፣ ሳትበጥስ ፈታችው፤ ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ መጽሐፉን መለሰችልኝ።

ጮክ ብዬ፣ ወደ ጋሞኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ብዙ አልነበረም። ደራሲው ያን ሁሉ ጣጣ በጥቂት ቅጠል ጠራርጎታል። የሽፍቶቹ አለቃ ድንገት ተጸጸተ። የተዘረፉት በቅሎዎች አንድም ሳይጎድል ተገኙ። ነጋዴው ጨውን ጭኖ አገሩ ደረሰ፣ በሩን አንኳኳ፣ እናቱ ከፈተች፤ አለቀ። እንዴት እንዳየችው፣ ምን እንዳለችው፣ ምንም የለም። በዚህ ላይ ሲወራረዱ ለነበሩት ወታደሮች አፈርኩላቸው።

«መናኛ ነው» አልኩ በአማርኛ። «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው? ወይ ሰልችቶታል፣ ወይ ወረቀት አልቆበታል። ሰው እንዲህ አድርጎ ይጨርሳል?»

ብዬ ከመጽሐፉ ቀና አልኩ። ለካ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ቤቱ ውስጥ «ተሳስተሻል» የሚለኝ ሰው የለም።

እናቴ ክሩን ከጣቷ ላይ አልፈታችውም። «ገባ ወይ?» አለችኝ።

«ገባ።»

«እቤቱ? እናቱ አየችው?»

«አየችው እማዬ።»

እንዝርቷን ልታነሣ እጇን ዘርግታ ተወችው።

«እኔ እኮ ሁለቱንም ነው የለመንኩት» አለች።